አሞኒያው ሳይወርድ

ባሌን ስትሮክ የመታው ሰሞን ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ እግሩን መጎተት ጀመረ፣ ከሁሉ የባሰው ግን ንግግሩ ነበር። ነገር ይገባዋል። ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ፣ ማን እንደዋሸ ሳይቀር ይገባዋል። ቃሉ ነው እምቢ የሚለው። "ውሃ" ለማለት አፉን ከፍቶ ላብ ያጠምቀዋል። ሃያ ዓመት ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ተሳፋሪውን ሁሉ በወሬ የሚያደነዝዝ ሰው ነበር እኮ! እኔ ራሴ "እባክህ ትንሽ አፍህን አሳርፍ" ያልኩት ስንት ቀን ነው። አፌን በቆረጠው።

ንግግር የምታለማምደው ቴራፒስት ኢንሹራንሱ የፈቀደው ጊዜ ሲያልቅ፣ ልትሰናበተን ስትል "የራሱ የሆነ ሥራ ፈልጉለት" አለችን። "ትንሽ ትሁን፤ ግን በየቀኑ የሚሠራት፣ እሱ ብቻ የሚያዝባት ትሁን። ቃል ሲፈልግ ደግሞ አትቀድሙት።" ኦኬ አልኩ። ኦኬ ማለት መቼ ቸግሮኝ ያውቃል? እኔን የሚቸግረኝ ዝም ማለት ነው።

ሴት ልጃችን እዚሁ አጠገባችን ሪቻርድሰን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አንድ ቅዳሜ በር ላይ ፓርክ አድርጋ "ማሚ፣ ነይ እርጂኝ" አለች። መኪናዋ ውስጥ ከክላስሜቷ ያገኘችው ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ሃያ ዘጠኝ ጋሎን ይይዛል አለችኝ። ሳሎናችን ውስጥ አቆምነው። ጠጠር አነጠፈችበት፣ ውሃ ሞላችው፣ ፊልተሩንና ሂተሩን ሰካችው። እኔ ቦርሳዬን አነሳሁ።

"ወዴት ነው?" አለች።

"ዓሣ ልንገዛ ነዋ!"

"ኖ፣ ኖ፣ ማሚ! ዓሣ ቶሎ አይገባም። ውሃው ሬዲ አይደለም።"

ከዚያ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በዚያ በሚጣፍጥ ስብርብር አማርኛዋ አስረዳችን። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ሲሸና፣ የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ፣ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይፈጠራል። አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። የቆየ ገንዳ ውስጥ አሞኒያውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ላይ ተራብተው ይኖራሉ፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን የሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ምንም ዓሣ አሞኒያ በጠብታ እየሰጡ ባክቴሪያዎቹን ማርባት ነው። ዛሬ የሰጠሃቸውን አሞኒያ እስከ ነገ ጨርሰው ዜሮ ካደረሱት፣ ያኔ ዓሣ ይገባል።

"ስንት ቀን ይፈጃል?" አልኳት።

"ሲክስ ዊክስ። ሜይቢ ኤይት።"

"ስምንት ሳምንት? ሙሉ ሁዳዴ ነው እኮ!"

ባሌ ሳቀ። ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ግን ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ገና ያን ቀን አየሁት። ልጅቷም አይታው ጠጠሩን ማስተካከል ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠዋት ሥራው ታወቀ። ከገንዳው ውሃ ቀድቶ ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ይጨምራል። ከሁለቱ ጠርሙሶች የመመርመሪያውን ፈሳሽ ያንጠባጥብበታል። ክዳኑን በጥርሱና በግራ እጁ ይከድንና እስከ ሠላሳ እየቆጠረ ይነቀንቀዋል። አምስት ደቂቃ ጠብቆ ከቀለም ካርዱ ጋር ያስተያየዋል። ቢጫ ከሆነ ዜሮ ነው፤ አረንጓዴው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር አሞኒያው በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ የዕለቱን አሞኒያ ገንዳው ውስጥ በጠብታ ይሰጣል። "እስከ ሠላሳ ቁጠር" ያለችው ልጄ ናት፤ ተንኮሏ የገባኝ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ላይ ቆመ። "ሰባት… ሰባት… ሰባት…" እያለ ብልቃጡን ይነቀንቃል። እኔ "ስምንት!" ብዬ ልጮህ ስል ልጅቷ በክርኗ ደቆሰችኝ።

በሳምንቱ አሥራ ሁለት ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት ሠላሳን ደፈነ! ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስሰማው እንባዬ መጣ፣ በሽንኩርቱ አሳበብኩ። አንድ ቀን ደግሞ ብልቃጡን ወደ እኔ ዘርግቶ "አሞ…ኒያ" አለኝ። የሚስቱን ስም ሳይጠራ አሞኒያን ጠራ! ቀናሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አዎ፣ ቀናሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅሎ በግራ እጁ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጽሕፈት እያንጋደደ፣ በየቀኑ የወጣለትን ቁጥር ይጽፍ ጀመር። የዚህ አገር የነሐሴ ሙቀት ውሃውን እንዳያሞቀው የኤሲውን ዲግሪ እያስቀነሰ በብርድ አንቀጠቀጠኝ። ከፋኝም አላልኩም። ሰውዬው እያዘዘ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

አምስተኛው ሳምንት ላይ አብሮት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ጓደኛው ከጎረቤት ከተማ ከሮውሌት ሊጠይቀው መጣ። እኔ ወጥ ቤት ነኝ። ባሌ ገንዳው ፊት ወንበሩን አስጠግቶ እንደተቀመጠ ነው።

"አንተ ሰው፣ ዓሦቹ የታሉ?" አለው ጓደኛው።

"አለ" አለ ባሌ ውሃውን እያሳየው።

"ምኑ?"

"አለ… ባ… ባክ…" ቃሉ አልወጣም። በእጁ ውሃውን፣ ፊልተሩን ያሳየዋል። "አለ፣ አለ።" ባክቴሪያዎቹን ማለቱ ነው። ያ ምስኪን ጓደኛው በምን ይወቅ?

ስሸኘው በር ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ አይዞሽ። ጸበል ወስዳችሁት ነበር?"

"ለንግግሩ ነው?"

"ኧረ… ባዶ ውሃ እያሳየ 'አለ' ይለኛል እኮ።"

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሴቶቹ ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዲት የማኅበራችን ትልቅ እናት እጄን ይዘው "ልጄ፣ አእምሮውንም ነካው አሉ? ባዶ ገንዳ ሲያይ ነው አሉ የሚውለው" አሉኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። "ኧረ እማማ፣ ደህና ነው! ባክቴሪያ እያረባ ነው" አልኳቸው። ይህን ካልኩ በኋላ ምን ቀረ? አጠገባቸው ከቆመችው ሴት ጋር ተያዩ። ከዚያ እኔንም በሐዘን ያዩኝ ጀመር። ስንት ዓመት አንገቴን ቀና አድርጌ የገባሁበት ግቢ ውስጥ የእብድ ሚስት ሆንኩ። ወደ ቤት ስነዳ መሪውን በቡጢ መታሁት። ሳሎን ገብቼ ያንን ባዶ ውሃ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ጠላሁት።

በሌላው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጓደኛውና ትልቋ እናት ጭምር አምስት ሆነው እኛ እስከምንኖርበት ሳክሲ ድረስ ነድተው መጡ። እኛ ዘንድ ባዶ እጅ አይመጣም፤ በሽተኛ ጠያቂ ብርቱካን ይይዛል፣ ዳቦ ይይዛል፣ ጁስ ይይዛል። ያን ቀን ግን በሩን ስከፍት እያንዳንዳቸው በእጃቸው ውሃ የተሞላ ላስቲክ አንጠልጥለዋል። ውስጡ ዓሣ! ተነጋግረው ነው የመጡት፤ "ገንዳውን እንሙላለት፣ ወንድማችን ባዶ ውሃ አያይም" ተባብለው። አሥራ አራት ዓሣ ቆጠርኩ። ቀይ አለ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አለ፣ ጅራቱ እንደ ነጠላ የተንዘረፈፈ አለ። የዓሣ ሱቁ ልጅ "ገንዳው ዝግጁ ነው?" ሲላቸው "ውሃው ከወር በላይ ቆይቷል" ብለውታል። ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው! በደግነታቸው ሆዴ ባባ። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ጠዋት ባሌ የጻፈው ቁጥር አንድ ነበር። ባክቴሪያዎቹ ትናንት የሰጣቸውን ሁለት በአንድ ቀን ወደ አንድ አውርደውታል፤ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ቢታገሡት ዜሮ ይደርሳል። ላስቲኮቹን ሲያይ ተነሣ። እግሩን እየጎተተ ሄዶ ገንዳው ፊት ቆመና ግራ እጁን ክዳኑ ላይ ጫነ።

"አል…ወረደም" አለ።

ጓደኛው መሬት መሬት ያያል። ባሌ ላብ ወረደው፣ አንገቱ ተገታተረ።

"አሞ…ኒያው… አልወረደም። ይሞ…ታሉ።"

ሦስት ቃል! ከታመመ ወዲህ በሰው ፊት የተናገረው ረጅሙ ንግግር። በክፍሉ ውስጥ ካለነው ሰዎች ምን እንዳለ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ቁጥሩን ሲጽፍ አይቻለሁ። ልጄ ያስረዳችውን ሰምቻለሁ። ልል የሚገባኝም አንድ ነገር ነበር፦ "ልክ ነው፣ የገንዳው ጌታ እሱ ነው፣ እሱን ስሙት።" ትልቋ እናት ግን ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው አዩኝ። ጓደኛውም አየኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። እናም ሳቅሁ።

"ዶክተር ሆኖላችኋል እኮ!" አልኳቸው። ወደ እሱ ዞር ብዬ ደግሞ በዚያ ለሕፃን በሚወራበት ድምፅ "ኧረ በማርያም፣ እንግዳ አታሳፍርብኝ" አልኩት።

እጁን አላነሣም። ጣቶቹን ከክዳኑ ላይ አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። ግራ እጁ ጤነኛው እጁ ነው፤ ሊይዝ ቢፈልግ ይችል ነበር። ሦስተኛውን ጣት ሳላቅቅ ራሱ ለቀቀው። ላስቲኮቹን እየፈታሁ ዓሦቹን አፈሰስኳቸው። እልል ተባለ፣ በስልክ ፎቶ ተነሣ። ባሌ ሶፋው ጥግ ሄዶ ተቀመጠና እንግዶቹ እስኪሄዱ ጉልበቱን አየ።

ሰኞ ጠዋት ዓሦቹ በሙሉ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ባሌ ብልቃጡን አወጣ፣ እስከ ሠላሳ ቆጠረ፣ ካርዱን አስጠጋ። እኔ እንኳ ከሩቅ አየሁት፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው። አራት ብሎ ጻፈ። ወደ ልጄ ኮል አደረግሁ።

"ማሚ፣ ምን አደረግሽ? ዳዲ አልነገረሽም?"

"ነግሮኛል።"

"ሱቁ መልሺያቸው፣ ዛሬ፣ ናው" አለች። ምን አልኳት መሰላችሁ? "የሰው ስጦታ እንዴት ይመለሳል? ሰው ምን ይለኛል?" አልኳት። ዓሦቹ ዓይኔ እያየ አየር አጥተው፣ እኔ አሁንም ሰው ምን ይለኛል! አይ እኔ!

በባልዲ ውሃ መቀየር ጀመርን። ጠዋት ግማሹን፣ ሥራ ልገባ ስል ደግሞ ግማሹን። እኔ ሮውሌት ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፤ የሰው በሽተኛ አገላብጬ የደከመ ወገቤን ይዤ ከቧንቧ ወደ ገንዳ እመላለሳለሁ። የከተማው ውሃ ውስጥ ያለው የጀርም መግደያ መድኃኒት ደግሞ ራሱ ትንሽ አሞኒያ አለበት፤ ማርከሻ ብንጨምርበትም ዜሮ አይሆንም። ባሌ በግራ እጁ ጎማውን ይይዝልኛል። ሦስት ቀን ጎን ለጎን ስንሠራ ዓይኔን አላየም። አልተቆጣም፣ አልገፈተረኝም። ምነው በሰደበኝ! ስድብም እኮ ንግግር ነው።

ማክሰኞ ሁለት ሞቱ። ረቡዕ አራት። በወረቀት ጠቅልዬ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትኳቸው። ያን ዕለት ስልክ ተደወለ፤ ትልቋ እናት ናቸው።

"ልጄ፣ እንዴት ነው? ተጽናና? ያቺ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት የኔ ናት፤ እንዴት ሆነችልኝ?"

የሳቸዋ ከሁለት ሰዓት በፊት ነው የተጠቀለለችው። "አቤት ስትበላ፣ እማማ!" አልኳቸው። "ሌሎቹን አላስበላ ብላለች።"

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ባሌ ከሶፋው ላይ ሆኖ ያየኛል። ከእሁድ ወዲህ ዓይኔን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እኔ አፌ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ምን እንደማደርግበት አየ። ዓይኑን ከእኔ ላይ መልሶ አነሣ።

ሐሙስ ጠዋት ብልቃጡን ሲነቀንቅ ድምፅ የለም። "ቁጠር እንጂ" አልኩት። ይነቀንቃል፣ አፉ ግን ተዘግቷል። ምን አባቴ ላድርግ? ደንግጬ እኔው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ማለት ጀመርኩ። ሰባት ላይ ስደርስ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ አልነካውም። የቀን መቁጠሪያው ላይም ከዚያ ወዲህ ያለው ጽሑፍ የኔ ነው።

የመጨረሻው ዓሣ የሞተው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። "ይቅር በለኝ፣ በድዬሃለሁ፤ ነግረኸኝ ነበር፣ ሰምቼህ ነበር" አልኩት። በግራ እጁ ራሴን ዳበሰኝ። እኔ ይቅር አላለኝም ብዬ አላማውም። ይቅር ብሎኛል። ይቅርታው ግን የሄደውን አልመለሰልኝም። ሐኪም ቤት ስንሄድ ዶክተሩ "ዛሬ እንዴት ነህ?" ሲለው ወደ እኔ ያሳያል። ሾርባ ይሻልሃል ሩዝ ስለው ወደ እኔ ያሳያል። ልጁ ከሪቻርድሰን መጥታ አጠገቡ ተቀምጣ "ዳዲ፣ ፕሊስ፣ አንድ ቃል" ስትለው ጉንጯን ይስማታል። ልጅቷ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስታለቅስ ከበሩ አየኋት። ወጥቼ ላቅፋት አልደፈርኩም፤ በምን ፊቴ?

ፊልተሩን ማጥፋት አቃተኝ። ሥራ ከመግባቴ በፊት በየቀኑ እሱ ያደርገው እንደነበረው አሞኒያ አንጠባጥባለሁ፣ በማግስቱ እለካለሁ። አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ ጮክ ብዬ እሳሳታለሁ። "ዛሬ ስምንት ጠብታ ነው አይደል?" እላለሁ፤ ስምንት እንዳልሆነ ያውቃል። "አይደለም" እንዲለኝ ነው የምፈልገው። አይለኝም። የቀን መቁጠሪያውን አቅርቤ ቁጥሩን ገልብጬም እጽፋለሁ፤ ያየዋል፣ ያልፈዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ኤሲው እያጓራ፣ ሁለት ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳወራ እውላለሁ። አሁን እውነትም እብድ ካለ እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ብልቃጡ ቢጫ ሆነ። አላመንኩም። የዕለቱን አሞኒያ ጨምሬ በማግስቱ ለካሁት፤ አሁንም ቢጫ። አሞኒያው ሲበላ የሚወጣውን ናይትራይት የሚባል መርዝ የሚለካውን ሌላውንም ምርመራ አደረግሁ፤ እሱም ዜሮ። የሞቱት ዓሦች ያፈሩት አሞኒያ ባክቴሪያዎቹን እንዳልገደላቸው፣ ይልቁንም እንዳረባቸው ልጄ በስልክ ነገረችኝ። ገንዳው ተዘጋጅቷል። ያ ሁሉ ሲጠበቅ የነበረው ቀን ያ ነው።

ብልቃጡን ይዤ ወደ እሱ ሮጥኩ። ተንበርክኬ ዓይኑ ሥር አደረግሁለት። "እየው! ዜሮ! ወረደ! አሁን ዓሣ ይገባል። አንተ ነህ የምትመርጠው፤ ሌላ ሰው አይነካውም፣ እኔም አልነካውም። ምን ዓይነት እናምጣ? ስንት?"

ብልቃጡን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። አፉን ከፈተ።

"እንደፈለግሽ" አለኝ።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ እኔን ሲያናግረኝ አንድም ቦታ ሳይሰበር፣ እንዲህ ጥርት ብሎ የወጣለት ቃል እሱ ብቻ ነው።